እታለም የምታነብልን ልብወለድ

ሰኞ፣ ወር በገባ በ2

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ መጣ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ይመጣል፣ በየዓመቱም አለቃችን ዱብ ዕዳ እንደወረደባት ሁሉ ራሷን ይዛ ትጮኻለች። ትምህርት ሳይከፈት ማለቅ አለበት፣ በቃ። እኔ እጅጌ ላይ ነኝ። ጠዋት እጅጌ፣ ከሰዓት እጅጌ። ማታ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ እጅጌ ነው።

እታለም ከቁልፍ መትከል ተነሣች። ራሷ ናት የጠየቀችው። ስፌት ቤታችን ውስጥ አንዷ ልብወለድ ታነባለች፣ ሌሎቻችን እየሰማን እንሠራለን፤ እጃችን ቢታሰርም ጆሯችን ሥራ ፈት ነው። አለቃችን መጀመሪያ ላይ አኩርፋ ነበር። በኋላ ሲነበብ ሐሜት እንደሚቀንስ፣ ሐሜት ሲቀንስ ሸሚዝ እንደሚበዛ ገባትና ተወችን። እስከ ዛሬ በተራ ነበር የምናነበው። ዛሬ እታለም "ከእንግዲህ ለእኔ ተዉልኝ፤ እናንተ ስታነቡ እኮ ለቅሶውና ሰርጉ አይለይም" አለች። ሁሉም ሳቁ፣ ሁሉም እሺ አሉ። ድምጿ ያምራል። መኪናዎቹ ሲጮኹ ከፍ ታደርገዋለች፣ ሲቆሙ ዝቅ።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ነገር ሲከብደኝ ወደ እሷ እሄዳለሁ። እሷ ወዴት እንደምትሄድ ጠይቄ አላውቅም።

ይህን ደብተር ለምን እንደጀመርኩ እንጃ። ሰሞኑን ምንም ነገር ምንም አይመስለኝም። ስጽፈው የሆነ ነገር ይመስለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሐሙስ 5

ስልክ ተደወለ። ድሮ አብራን ትሠራ የነበረች፣ አሁን ሌላ ከተማ ትልቅ ፋብሪካ የገባች ጓደኛዬ ናት። ዋና ቆራጭ ይፈልጋሉ፣ ስምሽን ሰጥቻለሁ አለችኝ። ቆራጭ! እጅጌ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ መቀሱ በእኔ እጅ። ከስንት ዓመት ጀምሮ የምመኘው ነገር ነው። "አዲሱ ወር እንደገባ መልስ ስጪኝ፤ ካረፈድሽ ግን ሰው ሞልቷል" አለች።

እታለም ከውስጥ ሆና "ማነው?" ብላ ጠየቀች።

"ቁጥር የተሳሳተ ሰው" አልኩ።

ለምን ዋሸሁ? እሷ እኮ ሂጂ ልትል ትችላለች። ምናልባት የፈራሁት እሱን ይሆናል። ወይም አትሂጂ ማለቷን። ሁለቱንም አልፈልግም፤ የምፈልገውን ደግሞ አላውቀውም።

እሁድ 8

መጨረሻውን ሳላውቅ ልቤ አያርፍም፤ አመሌ ነው። እታለም ተኝታ ሳለ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥቼ ወደፊት አነበብኩ።

ታሪኩ የሁለት እህትማማቾች ነው። መናኸሪያ አጠገብ ያለ ትንሽ ሆቴል ወርሰዋል። ታላቂቱ እንግዳ ትቀበላለች፣ ታናሺቱ አንሶላ ታጥባለች። ተዋደው አይዋደዱ፣ ተጣልተው አይለያዩ። አሁን የደረስንበት ታናሺቱ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። ሳነበው ለካ ትሞታለች። እዚያው በሚቀጥለው ምዕራፍ። የቀረው ግማሽ መጽሐፍ ታላቂቱ ብቻዋን ስታወራ ነው፤ ለአልጋው፣ ለአንሶላው፣ ለመስኮቱ።

መጽሐፉን መለስኩት። ምልክት ያደረገችባት ቁራጭ ጨርቅ ያለፈው ሳምንት ገጽ ላይ ናት፤ ማዛወሩን ረስታ ይሆናል። እኔም ባለችበት ተውኳት። ሰኞ ስፌት ቤቱ በእንባ ሊታጠብ ነው።

ሰኞ 9

አልሞተችም!

ልብስ ተኳሿ ገና ከጠዋቱ መሐረብ አዘጋጅታ ነበር። ይቺ ሬድዮ የምንላት ናት፤ ካውያዋ ቢጠፋ አፏ አይጠፋም። እታለም ገጹን ገልጣ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "ሊነጋጋ ሲል ትኩሳቱ ለቀቃት" ብላ አነበበች። ታናሺቱ ዓይኗን ገለጠች፣ ውኃ ጠየቀች፣ ቀጥላ "የትኛው ክፍል ነው አንሶላው ያልተቀየረው?" አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሬድዮ "እሰይ! እሰይ! ሥራ የለመደች ሴት እንዲህ ናት፤ ሞትም ይፈራታል" ብላ ጮኸች።

እኔ መኪናዬን አቆምኩ። መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም። በዓይኔ አይቻለሁ። እታለምን አየኋት፤ መጽሐፉን ቀና አድርጋ ይዛ፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ለእኔ ብላ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ታናሽ እህትን መግደል አልሆነላትም። እታለም እወድሻለሁ የምትል ሰው አይደለችም። ሲበርደኝ ጋቢዋን ትወረውርልኝና "ሳል አታምጪብኝ" ነው የምትለው። ስለዚህ ይቺን ነገር በመጽሐፍ አሳብባ ነገረችኝ ማለት ነው። ደረቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማኝ። ለማንም አልናገርም። ብናገር እታለም ታፍራለች።

ማክሰኞ 10

ሻይ ስትቀዳልኝ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሐሳብ ይዟታል። ራሷንም ያማታል፤ ኪኒን ዋጠች። እጅጌ፣ እጅጌ።

ዓርብ 13

ዛሬ ሁለት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። እንዲህ ያለ ስሕተት ተለማማጅ እያለሁ እንኳ አልሠራሁም።

እታለም እያነበበች ነበር። ማንበብ ልበለው። ታናሺቱ ከዳነች በኋላ አንድ ጠዋት ታላቂቱ ወደ ገበያ ስትወጣ ጠብቃ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ አወጣች። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ አጥፋ ከተተች። ለእህቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

"ባለጌ!" አለች ሬድዮ፣ ካውያዋን ድርግም አድርጋ። "ከሞት አፍ መንጭቃ ያወጣቻትን እህቷን ጥላ? ኧረ አፈር ብይ!"

"ታዲያ ዕድሜዋን ሙሉ አንሶላ ስታጥብ ልትኖር ነው?" አለች አራሷ። ይህቺ ልጇ ትምህርት ቤት ከገባም በኋላ አራሷ እንዳልናት የቀረች፣ ከእታለም አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክል ናት። በወር አንድ ጊዜ ብትናገር ነው።

"ትሂድ፤ ግን ተናግራ ትሂድ! በሌባ እጅ ሻንጣ ማዘጋጀት ምን ይሉታል?"

"የፈራች ሰው ምን ታድርግ?"

"እህት ይፈራል እንዴ?"

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አለቃችን ሳትቀር በር ላይ ቆማ "ታላቂቱም ብትሆን አፍናታለች" ብላ ፈረደች። እታለም ጣቷን ገጹ ላይ እንዳደረገች ፈገግ አለች። "ቆዩ እስቲ፤ ገና ምኑን አይታችሁ" አለች።

ስልኩን ሰምታለች ማለት ነው። ታውቃለች። በቀጥታ ግን አትጠይቀኝም፤ እኛ ቤት ነገር በቀጥታ ተነግሮ አያውቅም። አባታችን ጥሎን መሄዱን እንኳ የነገረችኝ "ከዛሬ ጀምሮ ትልቁ አልጋ ላይ ተኚ" ብላ ነው። አሁንም እንዲሁ እየነገረችኝ ነው፤ በሰው ፊት፣ በሰው እህት። እኔም እየሰማሁ ነው። የታላቂቱን መልስ እስክሰማ ዝም እላለሁ።

ሰኞ 16

እታለም መተኮሻው ጠረጴዛ ጋ ተላተመች። ሬድዮ መሐል መንገድ ላይ ገትራው ነበር፤ እሺ፣ መሐል ላይ እንኳ አልነበረም፣ ጎን ላይ ነበር። ጭኗ ጠቁሯል።

አለቃችን ለብቻዬ ጠራችኝ። ያለፈው ወር ሸሚዞች ቁልፋቸው ተንጋድዷል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። "የእህትሽ እጅ ነው፤ ምን ነካት?" አለች። "ቸኩላ ይሆናል" አልኩ። ምሳዬን ትቼ ፈትቼ ተከልኳቸው። እታለም አልሰማችም።

ከሰዓት መቀስ ጠፋ፣ ሬድዮ ተጠረጠረች። "አላየሁም! ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብላ ማለች። መቀሱ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሳቅን፣ ሳቅን። እታለም ዘግይታ ነው የሳቀችው፣ እኛ ስንጨርስ።

ረቡዕ 18

ቧንቧው ጋ እጄን ስታጠብ አራሷ መጣች። ግራ ቀኝ አየችና ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተችው፣ ድምፃችን እንዳይሰማ።

"እህትሽ አታይም" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እያነበበች አይደለም። አጠገቧ ነው የምቀመጠው፤ ገጹን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው የምትገልጠው። አንዳንዴም አትገልጠውም። ክር ስሰጣት እጄን ዳብሳ ነው የምታገኘው። እናቴ እንደዚህ ነው ያደረጋት። ራስ ምታት፣ ከዚያ ጎን ጎኑ ጠፋ፣ ከዚያ ሁሉም። ሐኪም ቤት ውሰጃት። ዛሬ ነገ አትበይ፤ ይሄ ነገር ቀን አይሰጥም።"

"መነጽር ነው የሚያስፈልጋት" አልኩ። "ይሄ ትእዛዝ ይለቅና አሠራላታለሁ።"

"መነጽር አይደለም።"

"እሺ። ቅዳሜ እወስዳታለሁ።"

"ለእሷ ልንገራት ወይስ አንቺ ትነግሪያታለሽ?"

"እኔ።"

አራሷ ቧንቧውን ዘጋች። ደግ ሴት ናት። ግን እናቷ ስለታወረች ሁሉ ሰው የሚታወር ይመስላታል። ገጽ መዝለሏማ እርግጥ ነው፤ የሌለ ታሪክ እያወራች ለምን ገጽ ትቆጥራለች? ምክንያቱን እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅዳሜ 21

ቀኑን ሙሉ ትርፍ ሰዓት ሠራን። አልሄድንም። ሐኪም ቤቱም ቅዳሜ እስከ ቀትር ነው።

ዛሬ ታላቂቱ ሻንጣውን አገኘችው። ሬድዮ እንኳ ካውያዋን አቁማ፣ የአንድ ቀሚስ ወገብ ሊያርርባት ነበር። ታላቂቱ ሻንጣውን ከፈተች፣ ቀሚሶቹን አወጣች፣ እያንዳንዱን ተኩሳ፣ እንደገና አጥፋ መለሰችው። ከአልጋው ሥር እንደነበረ ገፋችው።

ሬድዮ አለቀሰች። "አይ እህት!" አለች። "አይ እህት ማለት!"

ማታ እታለም ቀሚሴን ተኩሳልኝ አገኘሁት። አንገትጌው ላይ አቃጥላዋለች፤ የካውያው ጫፍ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አጥፌ አስቀመጥኩት። ቀሚሱን እያየሁ ብዙ ቆየሁ፤ ማልቀስ ነበረብኝ፣ አልመጣልኝም።

ማክሰኞ 24

መብራቱ ዙሪያ ቀለበት ይታየኛል አለች። ቀይና ሰማያዊ። "ቆንጆ ነው" አለች። ደክሟታል። ይቺ ሳምንት ትለፍ።

ዓርብ 27

ዛሬ አልተነበበም፤ ጉሮሮዬን አለች። ቀኑ አልገፋ አለኝ። ለካ ለዚያ ነበር የምነሣው። እጅጌው ለብቻው ሲሆን እጅጌ ብቻ ነው።

ቤት ስንገባ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አድርጋ ጋደም አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ሚጣ፣ ወደዚህ ዙሪ እስቲ" አለችኝ። ስታሞላቅቀኝ ሚጣ ነው የምትለኝ፤ ሽበት አውጥቼ እንኳ ሚጣ ነኝ።

ዞርኩ። አተኩራ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቴን አልፎ ጆሮዬ አካባቢ ነው ያረፈው።

"ከስተሻል" አለች።

አልከሳሁም። ከቀሚሶቼ ግማሹ ጠቦኛል።

"ሥራው ነው" አልኳት።

"እንዳትታመሚ። አንቺ ከታመምሽ እኔ ምን እሆናለሁ?"

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እታለም፣ ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ። ይቺው ናት፣ ከአምስት ቃል አትበልጥም። ግን ይህን ካልኩ አለማንበቧን ማወቄን ትረዳለች። ካወቀች ደግሞ ታሪኩ ያበቃል። ታናሺቱም ሻንጣዋን እንደያዘች ትቀራለች፣ እኔም መልሴን ሳልሰማ። ሁለት ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ በሁለት ሦስት ቀን ምን ይመጣል? ዓይን እንደሁ የትም አይሄድም።

"ተኚ" አልኳት። "ኪኒን ላምጣልሽ።"

ሰኞ 30

መናኸሪያ ደረሱ! ታናሺቱ ሻንጣዋን ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ታላቂቱ በሰው መሐል እየተጋፋች መጣች። አየቻት። ፊት ለፊቷ ቆመች። "እንዲህ አለቻት፣" ብላ እታለም ጉሮሮዋን ጠረገች፣

አለቃችን ደወሏን ደወለች። የሥራ ማብቂያ።

ሬድዮ "ደወሉን ስበሪው!" ብላ ጮኸች። እታለም መጽሐፉን ዘጋችው። "ነገ" አለች። "ነገ ይቀጥላል።"

በመንገድ ላይ ክንዴን አጥብቃ ይዛ ነበር የምትሄደው። "ምን ትላት ይሆን?" አልኳት፣ እንደ ቀልድ። "ትሰሚያለሽ" አለች።

ጓደኛዬ ደወለች። ከነገ ወዲያ መልስ እሰጥሻለሁ አልኳት።

ማክሰኞ፣ የአዲሱ ወር 1

የትእዛዙ ግማሽ ርክክብ። ጆንያ፣ ጭነት፣ ጩኸት። አልተነበበም።

ሐሙስ 3

እታለም ሌሊቱን አስመለሳት። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ተጭና "ሊፈነዳ ነው" ትላለች። ሙቅ ውኃና ኪኒን አስቀምጬላት ሥራ ሄድኩ። ዛሬ ከቀረሁ ትእዛዙ አይለቅም። አለቃችን እንዲህ አለች። እኔም እንዲህ አልኩ።

አራሷ "ወሰድሻት?" አለችኝ።

"ትእዛዙ ይለቅ።"

መርፌዋን ወደ ላይ አንሥታ ክር አስገባች። እንዲህ ቀና ብላ ክር ስታስገባ ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቃተኝ።

እሁድ 6

ጠዋት ፎጣ ይዤ ስገባ እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታወራለች። "ዛሬስ ምነው ዝም አልሽ ሚጣ? አኩርፈሽኛል እንዴ? ትናንት ያጉረመረምኩት ሕመሙ ነው እንጂ አንቺን አይደለም" ትላለች። የምታወራው በሩ ላይ ለተሰቀለው ካፖርቴ ነበር።

እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። እስክትጨርስ ቆምኩ። ከዚያ በእግር ጣቴ ዞሬ ካፖርቱ ጋ ሄጄ ቆምኩና "አላኮረፍኩም" አልኳት።

ማክሰኞ 8

ሐኪም ቤት። ትናንት ተራ አልደረሰንም ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፈጥና ትናገራለች። የዓይን ግፊት ነው። ነርቩን ጨርሶታል። ቀኙ የለም። ግራው ጭላንጭል ቀርቶታል፤ እሱ እንዳይጠፋ ሐሙስ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል።

"የጠፋውስ?" አልኩ።

"የጠፋው አይመለስም። ራስ ምታቱ ሲጀምራት፣ መብራት ላይ ቀለበት ስታይ ብትመጡ ኖሮ እኮ በቀላሉ ይያዝ ነበር። አብራችሁ ነው የምትኖሩት?"

"አዎ።"

"እና?" አለች። ከዚያ ሌላ በሽተኛ ገባ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እታለም እጄን ያዘች። እጇ ሞቋል፣ የእኔ ቀዝቅዟል።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂብኝ" አለች። "ማንበብ ካቆምኩ ቆይቷል።"

"እንዴት?" አልኩ። እንዴት አልኩ!

"ከራሴ ነበር የማወራው። ፊደሉ መጀመሪያ ጉንዳን ሆነብኝ፣ ከዚያ ጉንዳኑም ሄደ። ቁልፍ መትከልማ ቀድሞ ነው ያቃተኝ፤ ለዚያ ነው ማንበቡን የለመንኩት። አለቃችን ከሰማች ታስወጣኛለች ብዬ። አንቺም ትጨነቂያለሽ ብዬ።" ሳቅ አለች። "ሰው ሁሉ ግን አመነኝ። ለመሆኑ መጽሐፉ ላይ ታናሺቱ ምን ሆነች?"

እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። አታውቅም። መሞቷን አታውቅም። ያዳነቻት ለእኔ ብላ አይደለም።

"አላነበብኩትም" አልኩ። "ያ ሻንጣስ? እሱም ከራስሽ ነው?"

"ሁሉም ከራሴ ነው አልኩሽ እኮ።"

"ለምን ሻንጣ?"

"ሬድዮ ማዛጋት ጀምራ ነበራ! እሷ ካዛጋች ሌላውም ያዛጋል፣ ከዚያ 'አምጪው እኔ ላንብብ' ትላለች፣ ጉዴ ይፈላል። ስለዚህ አንድ ሰው መሄድ ነበረበት። ታሪክ ውስጥ ሰው ካልሄደ ማን ይሰማሻል?"

"እና መናኸሪያው ላይ ታላቂቱ ምን ልትላት ነበር?"

እታለም አሰበች። በእውነት አሰበች፤ ግንባሯን ቋጠረች።

"እንጃ" አለች። "እኔም አላሰብኩትም ነበር። ደወሉ ሲደወል ተመስገን አልኩ።"

ነርሷ ስሟን ጠራች። እጇን ይዤ አስገባኋት።

ረቡዕ 9

ለጓደኛዬ ደወልኩ። ዘግይተሻል፣ ሌላ ሰው ገብቷል አለችኝ። "እሺ" አልኩ። ማዘን አለብኝ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ምጣዱን አጠብኩ።

ዓርብ 11

ትናንት ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። ሐኪሟ ዛሬ ፋሻውን ፈትታ አየችና ጭላንጭሏ ትቆያለች፣ ግን ማንበብም መርፌም አትጠብቁ አለች። እታለም "ጥላሽ ይታየኛል፤ ይበቃኛል" አለችኝ። ለምን ይበቃታል? ማንን ነው የምታጽናናው?

ቁጭ ብዬ ቀኖቹን መለስ ብዬ ማሰብ እጀምርና እተወዋለሁ። ይህን ደብተር ወደ ኋላ አልገልጠውም።

ሰኞ 14

ሴቶቹ አምጪያት ብለው ለምነውኝ እታለምን ስፌት ቤት ወሰድኳት። ግራ ዓይኗ በፋሻ ታስሯል። ሬድዮ አቅፋት ስታለቅስ ካውያው ሸሚዝ አቃጠለ፤ አለቃችን አይታ አለፈችው። አለቃችን ደግ ሆናለች። ወንበርሽ ያንቺ ነው፣ እየመጣሽ ታሪክ አውሪላቸው፣ ያለሱ ሥራ አይሄድም አለቻት። እታለም ደስ አላት። ጉንጯ ቀላ። በስንት ዘመኗ እንደዚያ ስትሆን አየኋት።

ከዚያ አለቃችን ወደ እኔ ዞረች። ክፋት አልነበረውም፣ እንዲያው መጠየቅ ስላለባት ነው። "አንቺስ፣ አንድ ቤት እያደርሽ እንዴት ሳታውቂ ቀረሽ?" አለችኝ።

መኪናዎቹ ሁሉ ቆመው ነበር።

"ኧረ እሷን ተይልኝ!" አለች እታለም። "እኔ ነኝ የደበቅኳት። እህቴን አታውቋትም እንዴ? ቅንጣት ብታውቅ ኖሮ እኮ ጆሮዬን ይዛ እየጎተተች ነበር የምትወስደኝ። ትእዛዝ አትል፣ ሥራ አትል!" እጇን ዘርግታ ትከሻዬን ፈለገች። አገኘችው፣ መታ መታ አደረገችው።

አራሷ ቀና ብላ አየችኝ። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እንድትናገር የፈለግኩ ይመስለኛል። እሷ ግን ክሯን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ ቁልፍ አነሣች።

"አይደል ሚጣ?" አለች እታለም።

"አዎ" አልኩ።